የእሳት ልክፍተኞች በልብ ወለድና በፊልም፦ ለምን ሁልጊዜ ከዳር ይቆማሉ?

የማዕዘን አንባቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እሳት የሚለኩሱ ገጸ ባሕርያት ያሉባቸውን መጻሕፍትና ፊልሞች እያሳደድኩ ነው፤ አንድ ነገር ከነከነኝ። ለበቀል የሚያቃጥል ሞልቷል። ለኢንሹራንስ ገንዘብ፣ ወንጀል ለመሸፈን፣ ለፖለቲካ የሚያቃጥልም እንዲሁ። እሳትን ለራሱ ለእሳትነቱ ወዶ፣ ነበልባሉን ለማየት ብቻ ክብሪት የሚጭር ሰው ግን የታሪኩ ባለቤት ሆኖ አይገኝም። አንድ ትዕይንት ይሰጠዋል፣ ያስፈራናል፣ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን «ባክድራፍት» ውሰዱ። ዶናልድ ሰዘርላንድ የሚጫወተው ሮናልድ ባርቴል እስረኛ ነው። በአመክሮ ለመፈታት ቦርድ ፊት ቀርቦ ጸጸቱን እንደ ጨዋ ተማሪ ይደረድራል። ከዚያ ሮበርት ደ ኒሮ የሚጫወተው መርማሪ ይገባና ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ይጠይቀዋል፦ ዓለምን በሙሉ ምን ብታደርጋት ደስ ይልሃል? ሰውዬው ራሱን መግታት ያቅተዋል። ፊቱ ይፈካል፤ ሁሉንም አቃጥላለሁ ይላል። አመክሮው እዚያው አበቃ። ከፊልሙ ሁሉ ይበልጥ የሚታወሰኝ ይህ ትዕይንት ነው። ታሪኩ የሚያሳድደው ቃጠሎ አድራሽ ግን ባርቴል አይደለም። ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ለሥራው በቂ ምክንያት ያለው ሰው። ባርቴል የሚፈለገው ምክር ለመስጠት ብቻ ነው።

ግምቴ ይህ ነው፦ ልብ ወለድ የሚቆመው «ለምን?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። እሳትን ለእሳትነቱ የሚወድ ሰው ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ስለዚህ ሦስት መቶ ገጽ መሸከም አይችልም። ተቃራኒ ምሳሌ ያለው ያምጣ።

ባለመጋረጃው፦
ጋይ ሞንታግ! ሥራው መጻሕፍት ማቃጠል የሆነ ሰው። ልብ ወለዱ «ፋራናይት 451» እኮ ማቃጠል ደስታ እንደ ነበር በመናገር ነው የሚጀምረው፤ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር። ራሱ ላይ 451 የተጻፈበት ቆብ ደፍቷል፣ ኬሮሲን የሚተፋውን ቱቦ ጨብጧል፣ የመጻሕፍቱ ገጾች ሲነዱ ፈገግታው ከፊቱ አይጠፋም። ዋና ገጸ ባሕርይ ነው፣ ያቃጥላል፣ ደስ ይለዋል። ክርክሩ አለቀ፤ ደህና እደሩ።

የማዕዘን አንባቢ፦
ገና አትተኛ። ሞንታግ ልክፍተኛ ሆኖ የሚቆየው ስንት ገጽ ነው? ጎረቤቱ ክላሪስ ደስተኛ ነህ ወይ ብላ የጠየቀችው ማታ ነገሩ መላላት ይጀምራል። መጽሐፉ የሚተርከው ልክፍቱ እንዴት እንደ ለቀቀው ነው። እሳት ብሩህ ነው፣ እሳት ንጹሕ ነው እያለ እስከ መጨረሻው የሚሰብከው አለቃው ካፒቴን ቢቲ ነው፤ ቢቲ ደግሞ ዋና ገጸ ባሕርይ አይደለም። እርሱም ቢሆን በእሳት ነው ያለቀው፤ ከዚያ በኋላ ሞንታግ ሲያስበው ቢቲ ራሱ መሞት ይፈልግ ነበር። መጽሐፉ በቢቲ ዓይን ቢጻፍ ኖሮ እጄን እሰጥ ነበር።

ሰብለ ገጽ፦
ሁለታችሁም በወንዶች ተጠምዳችኋል። በርታ ሜሰንን የት አደረሳችኋት? «ጄን ኤር» የታተመው በ1847 ነው። በርታ መጀመሪያ የባሏን የሮቸስተርን አልጋ ከነመጋረጃው አያያዘችው፤ በመጨረሻ ቤቱን በሙሉ አነደደችው። ከራሷ አንደበት ግን የምንሰማው ሳቅና ማጉረምረም ብቻ ነው። እብድ ናት ተብላ ከላይኛው ፎቅ ተቆልፎባታል፤ ለምን አቃጠልሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም።

መቶ ዓመት አልፎ፣ በ1966፣ ጂን ሪስ የምትባል ደራሲ ጠየቀቻት። «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ» ውስጥ አንትዋኔት የሚል ስም፣ ልጅነትና አገር ሰጠቻት። ያቺ ልጅ ያደገችበት ቤት በእሳት ሲወድም አይታለች። ከሁሉ የማይረሳኝ የእንጀራ አባቷ ክንፉን ያስከረከመው በቀቀን ነው፤ መብረር አልቻለም፣ እየነደደ ወደቀ። ይህን ያየች ልጅ ካደገች በኋላ እንግሊዝ አገር በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተቆልፋ ሻማ ስታነሣ ሻማው ለምን እጇ እንደ ገባ ይገባናል። ስለዚህ የማዕዘን አንባቢ ሆይ፣ መልስ የላቸውም ከማለትህ በፊት ማን እንደ ጠየቃቸው ተመልከት።

በዚያው ላይ የቤት አስተዳዳሪዋን ሚስስ ዳንቨርስን ልጨምር። በ1938ቱ «ርብቃ» ልብ ወለድ ውስጥ ማንደርሌይ የተባለውን ትልቅ ቤት ማን እንዳቃጠለው አናይም፤ ሰማዩ መቅላቱንና ነፋሱ አመድ ይዞ መምጣቱን ብቻ ነው የምናየው። በ1940ው የሒችኮክ ፊልም ግን በሚነደው ቤት ውስጥ ራሷን እናያታለን። መጽሐፉ በጥርጣሬ የተወውን ፊልሙ ፈረደበት።

ጠያቂ ለጋ፦
የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝ፤ አንድ ነገር ልበል። ፓይሮማኒያ (የእሳት ልክፍት) የሚባለው የምርመራ ስያሜ መስፈርቱ በጣም ጠባብ ነው። ሰውዬው ሆን ብሎ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ እሳት ለኩሶ መሆን አለበት። ከመለኮሱ በፊት ውጥረት፣ ከለኮሰ በኋላ ደስታ ወይም እፎይታ ሊሰማው ይገባል። እሳትና እሳትን የሚመለከት ነገር ሁሉ ሊስበው ይገባል። ከዚህ በላይ ደግሞ ለገንዘብ፣ ለበቀል፣ ለፖለቲካ ወይም ወንጀል ለመደበቅ ያቃጠለ ሰው ከመስፈርቱ ይወጣል። በቅዠት የተነዳም ይወጣል። ለዚህ ነው እውነተኛው ፓይሮማኒያ እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚገኘው።

በዚህ ወንፊት የእናንተን ሰዎች ብናበጥር በርታ ወጣች። ዳንቨርስ ወጣች። ሞንታግ ደመወዝተኛ ነው፣ ወጣ። ባርቴል ቀረ። እንዳልከው የቀረው ጥግ ላይ የቆመው ነው።

አባ ፍም፦
ልጆች፣ የፎክነርን «ጎተራ ማቃጠል» ሳታነሡ እንዴት እዚህ ደረሳችሁ? የ1939 አጭር ልብ ወለድ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ይነበባል። አብነር ስኖፕስ የሚባል አንካሳ ጭሰኛ አለ። ያስቀየመውን ባለርስት ሁሉ ጎተራውን እያቃጠለ ቤተሰቡን በጋሪ ጭኖ ይሰደዳል።

አንድ ቦታ ላይ ላቁማችሁ። ሌሊት መንገድ ዳር ያድራሉ፤ ብርድ ነው። አብነር ከሰው አጥር ላይ እንጨት ነቅሎ ያነድዳል። እሳቱ ትንሽ ናት፤ ቁጥብ፣ የተለካች፣ ሥርዓት ያላት። ደራሲው ልጁ ሳርቲ ካደገ በኋላ ሊጠይቅ ይችል የነበረውን ያነሣል፦ የሰው ንብረት ሲሆን የማይሳሳው አባቴ፣ ዙሪያው ሁሉ እንጨት ሆኖ ሳለ፣ ለምን ትልቅ እሳት አያነድም? መልሱንም ራሱ ይሰጣል። ለሌላው ሰው ብረት ወይም ባሩድ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ለዚህ ሰው ክብሩን የሚያስጠብቅለት ብቸኛው መሣሪያ እሳት ነው። ስለዚህ በአክብሮት ይይዘዋል፤ አያባክነውም።

እንግዲህ ይህ ሰው ልክፍተኛ ነው ወይስ በቀለኛ? ፈረስ ፋንድያ በረገጠበት ጫማ የባለርስቱን ምንጣፍ ሆን ብሎ ሲያበላሽ በቀለኛ ነው። ያችን ትንሽ እሳት ሲያነድድ ግን ሌላ ሰው ነው። የተማሪው ወንፊት እንዲህ ያለውን ሰው ከሁለት አይከፍለውም።

ጠያቂ ለጋ፦
አባ ፍም፣ ያሉት ልክ ነው፤ ወንፊቱ የተሠራው ለክሊኒክ ነው። ነገር ግን ታሪኩን የምናየው በአብነር ሳይሆን በልጁ በሳርቲ ዓይን መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ፎክነርም ቢሆን አባትየውን ከውጭ ነው ያሳየን።

ሦስተኛ ዙር፦
መጻሕፍቱን አላነበብኳቸውም፤ ከጨዋታ ዓለም ግን አንድ ሰው አለኝ። «ቲም ፎርትረስ 2» ውስጥ ያለው ፓይሮ። ከራስ እስከ እግሩ በመከላከያ ልብስ የተሸፈነ ነው፤ ጭንብል ስለሚያደርግ ንግግሩ አይለይም፤ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። በ2012 ስለ እርሱ በወጣው አጭር ፊልም የራሱ ጓዶች እንኳ ስለ እርሱ ለመናገር ሲፈሩ እናያለን። ከዚያ ካሜራው በጭንብሉ ውስጥ ገብቶ እርሱ የሚያየውን ያሳየናል፦ ቀስተ ደመና፣ ከረሜላ፣ የሚስቁ ሕፃናት። የሚያቃጥል አይመስለውም፤ ደስታ የሚያድል ነው የሚመስለው። ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ ነገር ነው፤ ሆኖም እናንተ ፈልጋችሁ ያጣችሁትን፣ ከውስጥ ሆኖ ማየትን፣ አድርጎታል።

የማዕዘን አንባቢ፦
ሦስተኛ ዙር፣ ይህ እስካሁን ከመጡት ሁሉ ይበልጣል። «ለምን?» ለሚለው መልስ አልሰጠም፤ በዓይኑ እንድናይ ብቻ አደረገን። ችግሩ ለአጭር ፊልም የሚበቃ መሆኑ ነው። ያንን ከረሜላ ለሦስት መቶ ገጽ ማየት ያሰለቻል።

ጥቁር ጭስ፦
በእሳት አደጋ ሥራ ረጅም ዓመታት አሳልፌአለሁ። ፊልም የሚያሳየው ቃጠሎ ሁሉ ያስቀኛል። በሚነድ ክፍል መካከል ቆሞ ብርቱካንማውን ነበልባል እያየ ፈገግ የሚል ሰው አለ። እንዲህ ያለ ነገር የለም። የቤት ቃጠሎ ጨለማ ነው። ሶፋው፣ ፍራሹ፣ ፕላስቲኩ ሲነድ የሚወጣው ጥቁር ጭስ በደቂቃዎች ውስጥ ክፍሉን ከጣሪያ ወደ ታች ይሞላዋል፤ የራስህን እጅ አታይም። በቃጠሎ ከሚሞተው ሰው አብዛኛውን የሚገድለውም ጭስ ነው። ፊልም ሠሪዎች በጋዝ የሚነድ ጥርት ያለ እሳት የሚጠቀሙት ያለዚያ ካሜራው ምንም ስለማያይ ነው። ልክፍተኛው ውብ ሆኖ የሚታየው እሳቱ ስለተዋበለት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ልብ ወለድ ያልደፈረውን ገሃዱ ዓለም ደፍሮታል። በካሊፎርኒያ ግሌንዴል የእሳት አደጋ መርማሪ የነበረው ጆን ኦር አለ። እሳት የሚለኩስ የእሳት አደጋ ሠራተኛን ታሪክ በልብ ወለድ መልክ ጽፎ አሳታሚ ሲፈልግ ነበር። በ1987 ከአንድ የቃጠሎ ቦታ የተገኘ ወረቀት ላይ የጣት አሻራ ነበር፤ ኋላ የእርሱ ሆኖ ተገኘ። በ1991 መጨረሻ ተያዘ፤ የጻፈው ልብ ወለድ ራሱ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ቀረበበት። በ1984 አንድ ሱቅ ተቃጥሎ አራት ሰዎች ሞተው ነበር፤ በ1998 በዚያ ግድያ ጥፋተኛ ተብሎ ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ከአራቱ አንዱ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር።

እንግዲህ በልክፍተኛው ዓይን የተጻፈ መጽሐፍ ለምትሹ፣ አንዱ ጽፎላችኋል።

ባለመጋረጃው፦
በዚህ ሰው ታሪክ ላይ የተመሠረተ «ስሞክ» የሚል ተከታታይ በ2025 ወጥቷል፤ ታሮን ኤጀርተን ይጫወትበታል። ያልታተመ ልብ ወለዱን ለሰው ማስነበብ የሚወድ መርማሪ! ከራሱ በላይ አዋቂ የለም ብሎ የሚያምን ሰው ሲጽፍ ማየት ከእሳቱ ይልቅ ያሸማቅቃል።

ግን እውነተኛ ተፎካካሪ ላቅርብ። ሙራካሚም በ1983 «ጎተራ ማቃጠል» የሚል አጭር ልብ ወለድ ጽፏል። አንድ ባለጸጋ ወጣት ለተራኪው ሲያወጋ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ገደማ ጎተራ አቃጥላለሁ ይለዋል። ጎተራዎቹ እንዲቃጠሉ የሚጠባበቁ ይመስለዋል። ቀጥሎ የማቃጥለው ለአንተ ቤት ቅርብ ነው ይለዋል። ተራኪው ካርታ ገዝቶ በአካባቢው ያሉትን ጎተራዎች ለይቶ በየማለዳው እየሮጠ ይጠብቃቸዋል፤ አንዱም አይቃጠልም። ኋላ ሲገናኙ ወጣቱ፣ አቃጠልኩት እኮ፣ በጣም ቅርብ ስለሆነ ሳታየው ቀርተህ ነው ይለዋል። የሚያውቋት ልጅ ደግሞ የውኃ ሽታ ሆናለች። በ2018 ሊ ቻንግ ዶንግ «በርኒንግ» ብሎ ፊልም አደረገው፤ ጎተራው የፕላስቲክ የአትክልት ቤት ሆነ። ፊልሙ ሲያልቅ በእርግጥ እሳት ለኩሶ የምናየው ያንን የጠረጠረውን ሰው ነው፤ ቤን የተባለውን ባለጸጋ ወግቶ ከነመኪናው

[ከዚህ በኋላ ያለው በአወያይ ተሰርዟል]

አወያይ፦
ባለመጋረጃው፣ የፊልም መጨረሻ ስትናገር ከላይ አስጠንቅቅ ተብለሃል። ሌሎቻችሁም። የ1847 መጽሐፍ መጨረሻ መናገር ግን ይፈቀዳል።

ሰብለ ገጽ፦
ወይ አወያይ! የሰረዝከው መኪናው ላይ ስትደርስ እኮ ነው።

መንታ ልብ፦
እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እነዚህን ሰዎች እንዲህ አሳምሮ ማቅረብ ጉዳት የለውም? በ1993 «ቢቪስ ኤንድ በትሄድ» የሚባለው የካርቱን ተከታታይ ላይ ቢቪስ እሳት እሳት እያለ ሲፈነድቅ፣ ኦሃዮ ውስጥ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ለኮሰው የተባለ እሳት ታናሽ እህቱን ገደላት። እናትየው ፕሮግራሙን ወነጀለች። ጣቢያው ሰዓቱን ወደ ማታ አዛወረ፤ ስለ እሳት የሚወራውንም ቆርጦ አወጣ።

ጥቁር ጭስ፦
መንታ ልብ፣ በክብሪት የሚጫወት ሕፃን ከቴሌቪዥን በፊትም ነበር፤ ክብሪቱ እጁ እንዳይገባ ማድረግ ከሁሉ ይቀድማል። ሕፃን የሚያየው የካርቱን ፕሮግራም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰዓቱን ማዛወራቸው አይከፋኝም። አዋቂ የሚያነበውን ልብ ወለድ በዚያ ሚዛን አንመዝን።

አባ ፍም፦
የሚሺማን «ወርቃማው ቤተ መቅደስ» ማንም አለማንሣቱ ገርሞኛል። የ1956 ሥራ ነው። በ1950 ኪዮቶ ውስጥ አንድ ወጣት ተማሪ መነኩሴ ኪንካኩጂ የተባለውን ዝነኛ ቤተ መቅደስ አቃጥሎ ነበር፤ በ1955 መልሰው ሠሩት። ሚሺማ የዚያን ወጣት ቦታ ለሚዞጉቺ ሰጠው፤ ተንተባታቢ ነው፣ ቃል ከአፉ እስኪወጣ ሰዓቱ ያልፍበታል። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተርከው ራሱ ሚዞጉቺ ነው። ዋና ገጸ ባሕርይ ፈለግህ፣ አመጣሁልህ።

የማዕዘን አንባቢ፦
አባ ፍም፣ አመሰግናለሁ፤ መጽሐፉን እወደዋለሁ። ነገር ግን ሚዞጉቺ የሚወደውም የሚጠላውም ቤተ መቅደሱን ነው። ውበቱ በእርሱና በሕይወት መካከል ቆሞበታል፤ ሴት አቅፎ እንኳ ሕንፃው ነው የሚታየው። እሳቱ ለእርሱ መሣሪያ ነው። ከአቃጠለ በኋላ ምን እንዳደረገ ያስታውሳሉ? ሸሽቶ ተራራው ላይ ወጣ፤ ሊሞትበት የያዘውን መድኃኒትና ቢላዋ ወረወረ፤ ሲጋራ ለኮሰና መኖር እፈልጋለሁ አለ። ባርቴል ቢሆን ሸሽቶ አይሄድም ነበር፤ ነበልባሉን እያየ ይቀራል።

ወደ ጥያቄዬ የሚቀርበው የማክስ ፍሪሽ ተውኔት «ቢደርማንና እሳት ለኳሾቹ» ይመስለኛል፤ በ1958 ዙሪክ ውስጥ መድረክ ላይ የወጣ ነው። ሽሚትዝና አይዘንሪንግ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንድ የጸጉር ቅባት ነጋዴ ቤት ይለማመጡና ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ ቤንዚን በበርሜል እያመጡ ይከምራሉ። ነጋዴው ያያል፤ ሰው መጠርጠር ነውር መስሎት ዝም ይላል። እንዲያውም እራት ይጋብዛቸዋል፤ በመጨረሻም ክብሪቱን ራሱ አውጥቶ ይሰጣቸዋል። አይዘንሪንግ ፊት ለፊት ይነግረዋል፦ ራስን ለመደበቅ ቀልድ ጥሩ ነው፣ ሰውን ማሳዘን ከዚያ ይሻላል፣ ከሁሉ የሚበልጠው ግን እውነቱን መናገር ነው፤ የሚያምን የለምና።

ከእነርሱ ጋር አንድ የፍልስፍና ዶክተር አለ፤ ዓለምን ለመለወጥ ብሎ የተቀላቀለ። በመጨረሻ ለካ እነዚህ የሚያቃጥሉት ደስ ስለሚላቸው ብቻ ነው ብሎ መግለጫ ያነብና ከእነርሱ ይለያል። ድምፁ በሲረን ተውጦ ማንም አይሰማውም። «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ የመጣው ሰው ሞኙ እርሱ ሆኖ ይቀራል።

ጠያቂ ለጋ፦
ተውኔቱ የተሰየመው ግን በነጋዴው ስም ነው።

የማዕዘን አንባቢ፦
እርሱንማ አየሁት።

ሦስተኛ ዙር፦
የስቲቨን ኪንግ «ዘ ስታንድ»ስ? ተከታታይ ፊልሙን ነው ያየሁት፤ ትራሽካን ማን የሚባል አለ።

ሰብለ ገጽ፦
ሦስተኛ ዙር አሁንም ደርሶልናል። መጽሐፉ የ1978 ነው፤ ትራሽካን ማን ደግሞ የራሱ ምዕራፎች አሉት፤ ከውስጡ ሆነን ነው የምናነበው። ልጅ ሳለ የአንዲት አሮጊት የጡረታ ቼክ አቃጥሏል፤ የሠፈሩ ልጆች ዕድሜውን ሙሉ፣ ቼኳን ስታቃጥልባት ምን አለችህ እያሉ ያሳድዱታል። በሽታ ዓለምን ጠርጎ ከወሰደ በኋላ ማንም የማይከለክለው ሆኖ የነዳጅ ዴፖ ያጋያል፤ ክንዱ ተቃጥሎ እንኳ ደስታው አይበርድም። በመጨረሻ ሲያቃጥል የሚያደንቀው ጌታ አገኘ፤ ለዚያ ጌታ ያመጣው ስጦታ ግን የጌታውን ከተማ አጠፋ። ምክንያት ቢጠየቅ አሮጊቷን ሊጠቅስ ይችላል፤ አንባቢ ግን ከቼኩ በፊትም እሳት እንደሚወድ ያውቃል።

የማዕዘን አንባቢ፦
ይኸኛውን እቀበላለሁ፤ ከአንድ ተቃውሞ ጋር። ስንት ገጸ ባሕርያት ባሉበት መጽሐፍ ውስጥ ነው? ኪንግ ሕዝብ ሙሉ ሰው ሲተርክ ለእርሱ ጥቂት ምዕራፎች መስጠት አላቃተውም። ብቻውን ቢሆን ኖሮስ?

ሰብለ ገጽ፦
ብቻውን መሆን የግድ ነው ያለህ ማን ነው? መስፈርቱን በየመልሱ እያጠበብክ ሄድክ፤ ዋና ይሁን አልክ፣ ከውስጥ ይታይ አልክ፣ አሁን ደግሞ ብቻውን ይሁን። እንደዚያማ ከሆነ ከጆን ኦር ልብ ወለድ በቀር የሚቀርልህ የለም፤ እርሱን ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ቀድሞ አንብቦታል።

ጥቁር ጭስ፦
እኔ አንብቤዋለሁ። መጥፎ ነው።